በራስ ፈቃድ ስለመቀመጥ

ውድ ሾፌሩ ወዳጄ፣

«እንደምን ከረምክ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን እንደምን እንደከረምክ አውቃለሁ፤ ዳሌህ ተሰብሮ፣ በጀርባህ ተንጋለህ ነው የከረምከው። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ኑዛዜዬ ልግባ። ልጅህ ይህን ስታነብልህ ድምፅዋን ከፍ ታድርግ፤ ጆሮህን አውቀዋለሁ።

እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ስንቱን ምስክር ሲምል መዝግቤአለሁ! ስንቱን ሐሰተኛ ዓይኔ እያየ ላብ አጥምቆታል! ይኸው ጸሐፊ በስተርጅናው ለአንድ ቁራጭ ኬክ ሲል በሐሰት መሰከረብህ።

ጥፋቱ የሚጀምረው በምግብ አዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ነው። «በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ሰው ሳይወድቅ ያለፉት ቀናት» ይላል፤ ከሥሩ ኃላፊዋ በየጠዋቱ የምትቀይረው ቁጥር አለ። መቶ ሲሞላ ኬክ ይቆረሳል ተባለ። ከዚያ ወዲያማ ሁላችንም አንዳችን የሌላችን ዘበኛ ሆንን። ባለከዘራዋ እትዬ ብድግ ባሉ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ! ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረን!» ሲላቸው ትዝ ይልሃል? ምስኪኗ መስኮት ጋ ሄደው ፀሐይ መሞቅ እንኳ ተከለከሉ። እኛም ይህንን መተሳሰብ አልነው።

ዘጠና ሰባተኛው ቀን ጠዋት አንተ ገላህን ልትታጠብ ገባህ። እኔ ፎጣህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከገንዳው ስትወጣ የግድግዳውን እጀታ ያዝክ፤ እጀታውም አንተን ተከትሎ መጣ። ዘጭ! ስደርስ ወለሉ ላይ ተዘርረህ፣ እጀታውን በሁለት እጅህ እንደ መሪ ጨብጠህ፣ «ፍሬን ተበጠሰብኝ» አልከኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። አንተም ሳቅክ። ከዚያ ፊትህ አመድ መሰለ።

ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች፤ ከነርሷ ቀድሞ የደረሰው የእሷ ቅጽ ነው።

«አባባ፣ ወድቀው ነው ወይስ ተቀምጠው?»

«ልጄ፣» አልካት፣ «ራቁቱን እርጥብ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሾፌር የት አይተሻል?»

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ አይተዋል አይደል? ቀስ ብለው ነው የተቀመጡት አይደል? ሦስት ቀን እኮ ነው የቀረን አባባ።»

አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ ግን ያየሁት በዓይነ ሕሊናዬ ክሬሙን ነው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ፣ በዚያ በሚያምረው የችሎት እጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ስል አሰፈርኩ፦ «ነዋሪው በራሳቸው ፈቃድ፣ በእርጋታና በክብር ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።» «በክብር» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለጓደኝነታችን ስል።

በክብር የተቀመጠ ዳሌ ግን ከሰዓት በኋላ አልነሳ አለ፤ ሆስፒታል ወሰዱህ። በመቶኛው ቀን ኬኩ ተቆረሰ። ድርሻዬን በላሁ። ያንተንም፣ ለመታሰቢያህ ብዬ፣ በላሁት።

በማግስቱ ልታጠብ ብገባ እጀታው በቦታው አለ፤ በምን እንደተጣበቀ ታውቃለህ? ነርሷ ቁስል በምታሽግበት ነጭ ፕላስተር! ጥገና ሠራተኛውን ጠርቼ «ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አባባ፣ ብሎን የሚታዘዝልኝ ሰው ወደቀ የሚል ወረቀት ሲመጣ ነው። ማን ወደቀ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ማንም አልወደቀም፤ ፊርማዬ አለበት። በመጪው ሐሙስ ደግሞ አንተ በምርኩዝ ተመልሰህ ልትመጣ ነው፤ ያንኑ ፕላስተር ልትይዝ። ያን ጊዜ ነው ክሬሙ ጉሮሮዬ ላይ የመጣው።

ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። «ቃሌን ልለውጥ ነው» አልኳት። «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ሰሌዳው መቶ አንድ ገብቷል፣ ደግሞ ገምጋሚዎች እየመጡ ነው» ብላ በትህትና አስወጣችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዳራሽ ደረሰ። ባለከዘራዋ እትዬ በሰው ሁሉ ፊት፣

«አንተ ሆዳም! ኬኩን ከበላህ በኋላ ነው ሕሊናህ የመጣው?» አሉኝ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሕሊናዬም እንደኔ በምርኩዝ ነው የሚሄደው» አልኳቸው።

ክፍላችን ገብቼ ያየሁትን አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ እጀታውን፣ ቅጹን፣ ፕላስተሩን፣ ሳቄን ጭምር። ልጅህ ፒጃማህንና ሬዲዮህን ልትወስድ ስትመጣ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «ጋሼ፣ አባቴን እዚህ ልመልሰው?» አለችኝ።

ሾፌሩ፣ እዚህ ቤት ከአንተ በቀር የሚሰድበኝ ወዳጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ዳማ ስትሸነፍ ጠጠሩን ኪስህ የምትከትብኝ አንተ ብቻ ነህ። «መልሺው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አትመልሺው» አልኳት።

ወረቀቱን ይዛ ቢሮ ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ድምፅዋ ግን አልተዘጋም። በማግስቱ ሰሌዳው ዜሮ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ እጀታው በአራት ብሎን ታሰረ፤ እትዬም ከመስኮቱ ሥር ፀሐያቸውን ሲሞቁ የሚጮህባቸው ጠፋ። እኔም ደስ ብሎኝ ለልጅህ ደወልኩ፤ «ተጠግኗል፣ ሐሙስ ይምጣ!» አልኳት።

«ጋሼ፣ እጀታውስ በብሎን ተጠገነ። ቅጹን የሞላው ሰው በምን ይጠገናል?» አለችኝ። ሌላ ቤት እንዳገኘችልህ ነገረችኝ፤ ለእሷም ቅርብ ነው። ቅጹን ከሞሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና «ደግ አደረግሽ» አልኳት።

እንግዲህ ለእኔ ብለህ እዚህ ካልተመለስኩ ብለህ እንዳታስቸግራት። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ግን ሻንጣህ ከመኪና ሳይወርድ ልጅህ መታጠቢያ ቤት ትግባና እጀታውን ባላት ጉልበት ትጎትተው። እጇ ላይ ከቀረ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ይዛህ ትመለስ። ከጸና ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ሁለተኛ አልጋ አላቸው ወይ?

መውደቅህን በዓይኑ ያየው፣
የመኝታ ክፍል ጓደኛህ