ከገዳዩ ጋር የተቋጠረች ነጠላ

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፫፣ ዘመነ ማርቆስ፤ ደብረ ታቦር

ለዚህች ብራና ብቻ የምነግራት ነውር አለብኝ። እኔ፣ የቅኔ መምህሩ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ከአንዲት ሴት ሸሽቼ ከሣር ሸክም ኋላ ተደበቅሁ።

የሹሙ ወታደር የባላገሩን የአዱኛን በሬ ሊነዳ መጣ። አዱኛ ገመዱን ይዞ «በሕግ አምላክ!» አለ። ይህ ቃል ከተጠራ ንጉሥም ይቆማል። ወታደሩ ግን በጦር ወግቶ ገደለው። ገበያተኛው ሲሸሽ እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ።

ሚስቱ የሺ ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ ከገዳዩ ኩታ ጋር ቋጠረችው። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይፈታም። ዓይኗ ምስክር ሲፈልግ ባየሁ ጊዜ ከሣሩ ሸክም ኋላ ገባሁ።

ወታደሩ ሳቀ። «እኔ የጌታዬ እጅ ነኝ፤ እጅ ይከሰሳል እንዴ?»

«ጌታህ እዚህ አልነበረም፤ ጦሩን የያዝህ አንተ ነህ» አለችውና እየጎተተችው ወደ ተደበቅሁበት መጣች። «የኔታ፣ አንቱ አይተዋል። ሌላ ምስክር የለኝም።»

«ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር» አልኋት። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

ማምሻውን አዱኛ ሲቀበር አዜምሁ። ገዳዩም ከየሺ ጎን ቆሞ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ተቋጥሯል።

ሰኞ ችሎት ይቆማሉ። ምስክር ካጣች ቋጠሮውን ዳኛው ራሱ ይፈታዋል፤ ገዳዩም በነጻ ይሄዳል። ያን ቀን ከአፌ የወጣውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚሁ ታች እጽፈዋለሁ። ቦታ ትቼለታለሁ።