ኩርባው ላይ ማን ዘንበል አለ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንደ ሁሌው። ጠዋት የባሌን ጉልበት አሸሁለት፣ ቁርሱን አቀረብኩ፣ ወደ ላቦራቶሪ ሮጥኩ። ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና የሚያመላልሰው ሞተረኛ ሥራ ለቋል። ኃላፊዋ ጠራችኝና «መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ መንጃ ፈቃድ አውጪና አንቺ ያዢው» አለችኝ። ከአደጋው በፊት የባሌ ሥራ ነበር እኮ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ቤት ስገባ ነገርኩት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። «አንቺ? ሞተር?» አለ። ከዚያ መልሶ ጨመረው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አማቴ መጡ። እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ የልጃቸውን እግር አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

«አንካሳ ያደረግሽው አንሶሽ አሁን ደግሞ ሥራውን ልትወስጂ ነው?»

ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ሻይ እየቀዳሁላቸው ነበር።

ታሪኩን ዘመድ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ከኋላው ተቀምጬ፣ ኩርባው ላይ ስንደርስ ፈርቼ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብዬ ሞተሩን አሳትኩት… ከመንገድ ወጥተን ድንጋይ ላይ ወደቅን። እኔ ተጫጭሬ ተነሳሁ። የሱ ጉልበት ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብሏል።

ዘንበል ብያለሁ? አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስለዚህ ያሉኝን አመንኩ።

እሱ ሻዩን አማሰለ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሥልጠና ጀመርኩ። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ቀኑን ሙሉ «ዓይን፣ ዓይን» ስለሚሉ ተማሪው «የዓይን ሐኪሙ» ይላቸዋል። ሰምተዋል፣ ግድ የላቸውም።

«የት ነው የምታዪው?»

«ጎማውን።»

«ጎማው የትም አይሄድም፣ ተዪው። መውጫውን እዪ። ሞተር ዓይንሽ ያረፈበት ነው የሚሄደው። ጉድጓድ ላይ ካፈጠጥሽ ጉድጓድ ትገቢያለሽ።»

ወደቅኩ። ተነስቼ ደግሜ ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ። ባሌ አይቶ «ተጎዳሽ ወይ» አላለም። «ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ብቻ ያዢ» አለ። ይሄም አንድ ነገር ነው…

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ኩርባ ጀመርን። ወደ ግራ ለመዞር የግራውን እጀታ ወደፊት መግፋት ነው አሉ። ጭንቅላቴ እምቢ አለ። መሪውን ወደ ግራ ማዞር አይደለም እንዴ?

«በእግረኛ ፍጥነት ከሆነ አዎ። ስትፈጥኚ ግን ግፊው። ራሱ ይጋደልልሻል።»

ገፋሁት። ተጋደለ። ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም… ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቤት ስደርስ ግን እግሩን አይቼ አፈርኩ።

የዓይን ሐኪሙ ሳይሰለቹ የሚደጋግሙት ነገር አለ። «ፍሬንሽን ከኩርባው በፊት ጨርሺ፣ ሞተሩ ቀጥ እንዳለ። አንዴ ከገባሽ በኋላ ጋዙን በስሱ እየሰጠሽ መውጣት ነው። እዚያ ውስጥ ሐሳብ መቀየር የለም።»

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ረጅሙን ኩርባ ፈጥኜ ገባሁት። ዳር ያለውን አጥር አየሁ። ዓይኔ እዚያው ተጣበቀ። ደነገጥኩ፤ ጋዙን ዘጋሁ፣ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። ተጋድሎ የነበረው ሞተር ድንገት ቀጥ አለ። ደረቴ ወደ መሪው ተወረወረ። ኩርባውን ትቶ በቀጥታ ሣሩ ውስጥ ይዞኝ ገባ።

አልወደቅኩም። ወርጄ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ተነሺ አሉኝ። መነሳት አቃተኝ።

አውቀዋለሁ። ይሄን ነገር ሰውነቴ ያውቀዋል። ያን ቀንም ሞተሩ እንዲሁ ቀጥ አለ። ሄልሜቴ ከሱ ሄልሜት ጋር ተጋጨ፣ ደረቴ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ሰው እንዴት ወደፊት ይወረወራል?

ለአሰልጣኙ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሄልሜታቸውን አጠለቁ።

«ከኋላዬ ተቀመጪ። ኩርባው ላይ እንደሚሉሽ ወደ ውጭ ዘንበል በይ።»

በዝግታ ገባን። የቻልኩትን ያህል ዘንበል አልኩ። ሞተሩ ከበዳቸው፣ ትንሽ ተንገዳገደ… እጀታውን ጠንከር አድርገው ገፉት። ዞረ።

«ቦታው ላይ አልነበርኩም» አሉ ስንወርድ። «ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ያስቸግራል፣ አልዋሽሽም። ፍሬን ግን አይጨብጥም።»

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

አልጠየቅኩትም። ጉልበቱንም አላሸሁም። «ምነው?» አለ። እጄን አመመኝ አልኩት።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ጠየቅኩት። ሸሚዙን እየተኮስኩ ነበር።

«ያን ቀን ቀኝ እጅህ ምን አደረገ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ኩርባው ላይ። ፍሬን ይዘሃል?»

ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነው።

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«እዚያው… ከመንገድ ስንወጣ።»

ካውያውን አቆምኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሆስፒታል እናቱ ምን ሆናችሁ ሲሉት «ፈርታ ተወዛወዘችብኝ» አላቸው። እንዲያው አፉ ላይ የመጣለትን። ሲሻለው ሊያርመው አስቦ እንደነበር ነገረኝ…

«አንቺ ግን ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሽ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ መናገሩ ከበደኝ።»

ጥፋቱ እንግዲህ ይቅርታ መጠየቄ ነው። ስንቴ ነው የጠየቅኩት? ጉልበቱን እያሸሁ፣ ካልሲውን እያጠለቅኩለት። እሱ ደግሞ «ግድ የለም፣ ሆነ» ይለኝ ነበር። ይቅር ባይ።

«ለእናትህ ንገራቸው።»

«እሺ።»

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

አማቴ መጡ። «ይሄ እግር ደህና ቢሆን ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደሱ ዞርኩ።

ሪሞቱን አነሳ። ቻናል ቀየረ።

በቃ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

መንጃ ፈቃዴ ወጣ። የዓይን ሐኪሙ ጨበጡኝ። «ደፋር እንዳትሆኚ። ደፋሮቹን ከመንገድ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ኃላፊዋ ላቦራቶሪው አጠገብ ክፍል አፈላልጋልኛለች። ልብሴን ሸካከፍኩ። እሱ በር ላይ ተደግፎ ያየኛል።

«እስከ መቼ ነው?»

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ያቺን ኩርባ አለፍኳት። ናሙናው ከኋላዬ ታስሯል። ከሩቅ አየኋት። ቀድሜ ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ዓይኔን መውጫው ላይ ጣልኩ፣ እጀታውን ገፋሁ፣ ጋዝ በስሱ… አለፍኩ።

ይቺው ናት? ሰፊ ናት። መውጫዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንም ጀማሪ ያልፋታል። እኔ በሐሳቤ ገደል አድርጌያት ኖሬያለሁ።

ቆሜ ላልቅስ አልኩ፣ ናሙናው ይሞቅብኛል። ንዴቴን ይዤ ነዳሁ።

የካቲት 9፣ እሑድ

መጣ። በታክሲ፣ ምርኩዙን ይዞ። ደረጃው ላይ ብዙ ቆየ። ወርጄ ልደግፈው አሰብኩ… አልወረድኩም።

«ለእናቴ ነገርኳት» አለኝ ገና ቁጭ እንዳለ።

«ምን አሉ?»

መሬት መሬት አየ። «አላመነችኝም። ‹እሷ ናት እንዲህ በል ያለችህ። ደግነትህ መቼም አያልቅ፣ ዛሬም ትሸፍንላታለህ› አለችኝ።»

ሳቅ መጣብኝ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ከእጁ አምልጦታል። የራሱን ውሸት ራሱም ሊመልሰው አልቻለም። እዚያ ቤት እሱ እንደ ደግ፣ እኔ እንደ ጥፋተኛ እንኖራለን፤ እውነቱን ተናግሮ እንኳ ደግነቱ ነው የጨመረው።

ሻይ ሰጠሁት። ክፍሉን ቃኘ። አንድ ወንበር ነው ያለኝ፣ እሱ ተቀምጦበታል።

«ትመለሻለሽ?»

«ነገ ናሙና አለብኝ።»

«ከነገ በኋላ ማለቴ ነው።»

«ከነገ በኋላም አለብኝ።»

ምርኩዙን አቀበልኩት። ደረጃው ላይ እንዳይወድቅ ከፊት ከፊቱ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ሲገባ እግሩን ቀስ ብዬ አስገባሁለትና በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ባለቤትሽ ነው?» አለኝ ባለታክሲው።

«ድሮ የላቦራቶሪያችን ሞተረኛ ነበር» አልኩት።

እሱም ሰማኝ።