የእርቁ ዳቦና የደራርቱ አቤቱታ

ሰበታ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.
በተወለድሁ በሰባ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተጻፈ

ለክቡር የሠራተኞች አቤቱታ መርማሪ ሹም

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማኅተምዎ ቀለም እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጉልበቴንም ያደከመው የቢሮዎ ደረጃ ስለ ሆነ እንደ ሕመም ሳይሆን ለመንግሥት እንደ ተሰጠ አገልግሎት እቆጥረዋለሁ።

ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም። ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበርሁ፣ ዛሬ በዓለም ገና መንገድ ዳር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሽማግሌ ነኝ። ስለዚሁ ጉዳይ በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ክቡርነትዎን ያስቸገረው ፖስታ መቅደዱ ይሆናል ብዬ፣ ይህንን በጋዜጣ፣ በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩ የወይዘሪት ደራርቱ ነው። ደራርቱ የቡራዩ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ ስትሆን፣ በሰበታ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ በማሽን ላይ ትሠራ ነበር። የወላጆችዋ ሙያ የታወቀ ዕለት ባልደረቦችዋ የውሃ መጠጫዋን ለይተው አስቀመጡላት፤ ምሳዋንም ከደጅ እንድትበላ መከሩዋት። ከዚያም ክር በተበጠሰ ቁጥር «ቡዳዋ አየችው» ማለት ተጀመረ፤ በመጨረሻ ከማሽኑ አንሥተው መጥረጊያ አስያዟት። የምትለምነው ወደ ማሽንዋ መመለስን ብቻ ነው። ስለ እርስዋ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ቀን የሠራተኛውን አዋጅ ገልጠው፣ «ስለ ደመወዝ ተጽፏል፣ ስለ ሥራ ሰዓት ተጽፏል፣ ስለ ስንብትም ተጽፏል፤ ስለ ዓይን ግን የተጻፈ የለም» ብለው ስላስረዱን እናመሰግናለን። ልጅቱ የተበደለችው ገና ባልተጻፈ አንቀጽ መሆኑን ከዚያ በፊት አላወቅንም ነበር። የክፍሉ አለቃ አቶ አለሙም ተጠርተው፣ «ጌታዬ፣ እኔ ክፋት የለኝም፤ ልጅቱም ጨዋ ናት፤ ክሩ ግን አንዴ ካየችው አይረጋም» ብለው ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ክቡርነትዎ ክሩን ራሱን በምስክርነት አለመጥራትዎ የቱን ያህል ታጋሽ እንደ ሆኑ ያሳያል።

፪ኛ. ወደ ፍርድ ቤት ብንሄድ፣ ዳኛው «አስቀድሞ በእርቅ ይሞከር፤ እርቁ አለመሳካቱን የሚገልጽ ወረቀት ከመርማሪው አምጡ» አሉን። ወደ ክቡርነትዎ ብንመለስ፣ «ያልተሞከረ እርቅ አልተሳካም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?» አሉን። እውነትዎን ነው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት እውነቶች አንዲትን ልጅ መሀል አስገብተው ሲቀባበሏት ያየሁት ገና አሁን ነው።

በልጅነቴ እንዲህ ያለ ሥርዐት አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ እስከ ዳኛው ድረስ ይሄዱ ነበር። ማንም ሰው «ከእርስዋ ጋር አልቋጠርም፤ ዓይንዋን እፈራለሁ» የማለት መብት አልነበረውም። ዛሬ ግን ሥልጣኔ ገብቷልና፣ እያንዳንዱ ነጠላውን ለብቻው ሰብስቦ ይሄዳል።

፫ኛ. እርቁ እንዲሞከር አዘዙ፤ «እርቅ ያለ ገበታ አይጸናም፤ ባላጋራዎቹ በሽማግሌዎች ፊት ከአንድ ዳቦ መብላታቸው ይረጋገጥ» ብለውም ጨመሩ። አብረውኝ አይበሉም ብላ የከሰሰች ልጅ አብረዋት እስኪበሉ ድረስ አቤቱታዋ እንዳይታይ ማድረግ፣ ጸሐፊ ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ያላየሁት ብልኀት ነው።

በሰኔ መጨረሻ በሽማግሌዎቹ አለቃ በኦቦ ቦጂያ ቤት ተሰበሰብን። ኦቦ ቦጂያ በኦሮምኛም በአማርኛም መርቀው ዳቦውን ቆረሱ። ከከሰሰቻቸው ሁለት ባልደረቦችዋ አንደኛዋ «የሰኔ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አለች፤ ሰዓቱ አሥር አልፎ ነበር። ሁለተኛዋ ጥርስዋን ታመመች። አቶ አለሙ ድርሻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው «ለልጆች ይሁን» ሲሉ ኪሳቸው ከተቱት። ደራርቱ ቁራሽዋን ይዛ ሁሉንም በየተራ ትመለከት ነበር፤ ስታያቸውም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነጋዴው ሐጂ አብዱሰመድ፣ ጠጋ ብለው «ነዪ ልጄ፣ እኔና አንቺ እንብላው፤ እነዚህ ቤታቸው ጠግበው ነው የመጡ» አሏትና ከያዘችው ላይ ቆርሰው በሉ። ሐጂ ግን በክርክሩ ውስጥ ስለሌሉ መብላታቸው ሳይመዘገብ ቀረ።

ልጅቱ የቀረውን ቁራሽ ሌማቱ ላይ መልሳ፣ ተነሥታ ወጣች። ክቡር ሆይ፣ ከወጣች በኋላ የሆነውን ጸሐፊዎ ስላልጻፉት እኔ ልንገርዎ፤ ጾመኛዋም በላች፣ ጥርሰ ሕመምተኛዋም በላች። ጠላውም ተቀዳ፤ እንስራው የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

፬ኛ. በመዝገቡ ላይ የሰፈረው፣ «ሌሎቹ ወገኖች በሰዓቱ ተገኝተው በትዕግሥት ተቀምጠዋል፤ አመልካች እርቁን ረግጣ ወጥታለች» የሚል ነው። ስለዚህ አልተሳካም የሚለው ወረቀት አይሰጣትም፤ እርቁ በእርስዋ ጥፋት ተቋረጠ እንጂ አልተሳካም አይባልምና። መዝገቡ እንዲንቀሳቀስ ከፈለገችም ሽማግሌ ልካ አቶ አለሙንና ሁለቱን ሴቶች ይቅርታ እንድትጠይቅ ታዝዛለች። ጸሐፊዎ ደግሞ በደግነት አስታወሱን፤ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው፤ ሲከፈት የአቤቱታዋ ጊዜ አልፎ ይገኛል።

በወጣትነቴ ብዕር የተቀረጸው ለተበደለ ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁን ብዕሬን ሳየው እንደ ደራርቱ መጥረጊያ ይመስለኛል፤ ጠርጌ ሳልጨርስ ነፋሱ ይመልሰዋል። ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ መስመር ነው፤ «እርቁ አልተሳካም» የሚልና ማኅተም ያረፈበት። ማን እንዳላሳካው እንዲጻፍ እንኳ አልጠይቅም። እንደማይጽፉት አውቃለሁ፤ ግን ከመለመን በቀር የቀረኝ ሥራ የለም።

ቀለምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ገበታዎም የማይፈሩት ሰው ሳይጎድልበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በደረጃዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታማኝ አገልጋይዎ፣
ዓባይነህ ይመኑ

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ ለደራርቱ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «አባባ፣ ማሽኑን ይተዉት። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ እኔ በሩ ላይ ስጠርግ፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው እየሮጡ ያልፉኛል። የመጥረጊያ ሰዓቴን ብቻ ያስለውጡልኝ፤ ሳይመጡ በፊት ጠርጌ ልጨርስ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ልመና አዋጅ አይገለጥበትም፤ ምስክር፣ ዳቦና ሽማግሌም አያሻውም፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ እንዳይከብድዎ እሰጋለሁ። የላይኛውን አልሰረዝሁትም፤ ከሁለቱ የቀለለዎትን እንዲፈቅዱ ሁለቱንም አቅርቤአለሁ። ግልባጩን ለጋዜጣ ሰጥቼ፣ ዋናውን አሽጌ ዛሬ ልኬዋለሁ።