ዓባያን የጠጣው ሞተር

ለተወደድኸው ታናሽ ወንድሜ ለጋሻዬ፤

በጎንደር ሰማይ ሥር ከነቤተሰብህ የሚጠብቅህ አምላክ ጤናና ሰላም ያብዛልህ እያልሁ፣ ከአርባ ምንጭ ሴቻ የናፍቆት ሰላምታዬን እልክልሃለሁ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? የጉልበትህ ሕመም ጋብ አለልህን? ባለቤትህ ሻሺቱስ ከያዛት ጉንፋን ተነሣች? እኔና ባለቤቴ በለጥሽ፣ ቍጣዬን እንደ ሕመም ካልቈጠርህብኝ በቀር፣ ደኅና ነን።

የሁለታችንን ቤት ስታጐርስ የኖረችው አይሱዛችን፣ የምዕራብ ዓባያን ሙዝ ጭና የሴቻን ዳገት ስትወጣ እንደ እርጥብ እንጨት መጨስና ዘይት መጠጣት ጀመረች። መካኒካችን ሚፍታ ፈታትቶ ካየ በኋላ፣ የተበሉት ፒስተኖቹና ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶቻቸው ብቻ ስለ ሆኑ፣ እነሱ ተለውጠው ሲሊንደሩ ቢጠረብ ገና ብዙ ዘመን እንደምታገለግለን ነገረኝ።

ዲግሪውን ይዞ ሥራ እስኪያገኝ እኔ ዘንድ ተቀምጦ መሪዋን የሚይዘው ልጅህ ኦሊያድ ግን፣ «ጋሼ፣ ይኼን ማሠራት እኮ ሬሳ ማጠብ ነው! ከዱባይ የገባ ሞተር ከማሠሪያው ባነሰ ዋጋ አግኝቻለሁ» ብሎ በጋራዡ ሰው ሁሉ ፊት ሣቀብኝ። አንተም ሳታይና ሳትጠይቅ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ልጁን ስማው፤ አሮጌ መውደድህን ተው» ብለህ በስልክ ፈረድህብኝ።

የተባለውም ሞተር ብርማ ቀለም ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ መጣ። ሚፍታ የዘይት ቋቱን ሲፈታው ከሥሩ ቀይ ደለል ተጋግሮ ተገኘ። ምሳ ይዛልን የመጣችው በለጥሽ በጣቷ ቈንጥራ አሸችውና፣ «የዱባይ አሸዋ እንዲህ ቀይ ነው እንዴ፣ ኦሊያዴ? ይኼ እኮ ሐይቁ ዳር በሄድን ቍጥር ከቀሚሴ የማራግፈው የዓባያ ጭቃ ነው» ስትል ጋራዡ በሣቅ ተናጋ። ሻጩም ሲፋጠጥ፣ ሞተሩ በክረምቱ ሐይቁ ሞልቶ ከዋጠው መኪና የወጣ መሆኑን አመነ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሻጩ ውሸት ብቻ አይደለም። ያ ደለል ሳይታይ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ፣ ሙዝ እንደ ጫነች ዳገቱ መካከል ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ሲል፣ ያለ ሞተር ፍሬኑም እምቢ ብሎ፣ ወደ ገደሉ ቍልቍል ስትንሸራተት መሪው ላይ የሚገኘው ማን ነበር? እኔ ነኝን? አንተ ነህን? ለጥቂት ብር ቅናሽ ስትል «ስማው» ያልኸኝ ያው ልጅህ አልነበረምን?

እንግዲህ ፈቃድህን አልጠበቅሁም፤ የገዛ ሞተራችን ወርዶ በመሠራት ላይ ነው። ሻጩም ያንን የሰመጠ ሞተር ለሌላ ሰው ልጅ እንዳይሸጠው፣ የዶርዜ ሽማግሎች ለፍርድ በሚቀመጡበት ዱቡሻ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ አስጠርቼዋለሁ። ኦሊያድም ሣቁን ትቷል፤ በዚያ ዳገት እምቢ ያለ ፍሬን ሲረግጥ ራሱን በሐሳቡ ያየ ይመስለኛል፣ ሰሞኑን ፊቴን ሽሽት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበላው።

በለጥሽ እንደምን ናችሁ ትላለች። ልጅህን ኖላዊትን ሳምልኝ፤ ጎረቤትህን ሀይሌን ሰላም በልልኝ። ለሻሺቱም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የዳገቱን ነገር ግን አትንገራት።

ታላቅ ወንድምህ ዓለሙ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.