የመምህር ገመቺስ በዳዳ ኅልፈትና በትምህርት ቤታችን በር ላይ የለጠፍነው የስም ዝርዝር

የቀበና ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ክበብ፣ መሥራቹ የነበሩት መምህር ገመቺስ በዳዳ ባደረባቸው የልብ ሕመም ረቡዕ ሚያዝያ 28 ቀን 2007 ዓ.ም. በ32 ዓመታቸው ማረፋቸውን በከባድ ሐዘን ያስታውቃል። መምህር ገመቺስ ግንቦት 16 ቀን በሚካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ በየካ ክፍለ ከተማ ለተወካዮች ምክር ቤት የግል ዕጩ ሆነው ቀርበው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ተወለዱ። በ1997 ዓ.ም. ወደ ተማሩበት ወደዚሁ ትምህርት ቤታችን በመምህርነት ተመለሱ።

በ1999 ዓ.ም. ክበባችንን አቋቋሙ። የክፍል አለቃ በምስጢር ድምፅ እንዲመረጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከጫማ ካርቶን የሠሩት ኮሮጆ ዛሬም ያገለግላል።

በጥር 2007 ዓ.ም. ለዕጩነት ሲቀርቡ ጀሪካንን የምርጫ ምልክታቸው አደረጉ። ቅድሚያ የሰጧቸው ጉዳዮች ሦስት ነበሩ፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውሃ የሚያገኘው የተራራው ሥር ነዋሪ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ቤታቸው ፈርሶ መሪ ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየም የሄዱና ሥራቸው ሾላ የቀረ ቤተሰቦች። የማይችሉትን ቃል አልገቡም። በሾላ ገበያ አንድ ነጋዴ «ታዲያ ቧንቧውን ታስገባልናለህ?» ሲሏቸው፣ «አላስገባም። ለምን እንዳልገባ ግን ቆሜ እጠይቃለሁ» አሉ። «ለጥያቄማ እኛም አናንስም!» ተብሎ ተሳቀባቸው፤ አብረው ሳቁ፤ መልሳቸውን ግን አልቀየሩም።

በየካቲት ወር ሕጉ የሚጠይቀውን የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው አስገቡ። የፈረሙት አንድ ሺህ አርባ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ክበቡ ጥፋቱን ያምናል። የፈተና ውጤት ሲወጣ የደረጃ ተማሪዎችን ስም በበሩ ላይ መለጠፍ ልማዳችን ነው። የፈራሚዎቹንም ስም እንዲሁ በክብር ልናሳይ ብለን፣ መምህሩን ሳንጠይቅ፣ ሙሉውን ዝርዝር በጥሩ ጽሕፈት ገልብጠን ለጠፍነው። ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ በኋላ ሰዎች በየቤታቸው «ለምን ፈረምክ?» ተብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ቅሬታ ይዘው ለመጡት ሁሉ መምህሩ «እኔ ነኝ ያስለጠፍኩት፤ ልጆቹ አያውቁም» አሉ። እውነት አልነበረም። ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ስማቸውን ዛሬ አንጽፍም፣ «ገሜ የኔ ልጅ፣ ስሜን አውጣልኝ። ድምፄን በሆዴ ይዤ እሰጥሃለሁ» ብለው ለመኗቸው። የፊርማው ቅጽ ገብቶ ከእጃቸው ወጥቶ ስለነበር ሊያወጡላቸው አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ መምህር ገመቺስ መውጫ አጡ። ከውድድሩ ቢወጡ የፈረሙት ሰዎች በከንቱ ተጋልጠው ሊቀሩ፣ ቢቀጥሉ ደግሞ ጥያቄው በየበሩ ሊቀጥል ሆነ። ሐኪም እንዲያርፉ ቢያዝም፣ «ሰው በእኔ ስም እየተጠየቀ እንዴት ልተኛ?» እያሉ ከሲ.ኤም.ሲ እስከ ጉራራ በእግራቸው እየዞሩ፣ የፈረሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቁ። ሁሉንም ሳያዳርሱ አረፉ።

ያልተዳረሳችሁ ወገኖች፣ የቀረውን ይቅርታ ክበቡ ይጠይቃችኋል።

በእናታቸው በወይዘሮ የሺሃረግ ደጅ ድንኳን ከተተከለ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናንና ከእድርተኛው በስተቀር የመጣ ሰው ጥቂት ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ «ልጄን ሰው ጠላው እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። እንዳልጠላቸው እናውቃለን። ሰው የቀረው ስሙ ዳግም እንዳይጻፍ ፈርቶ ነው፤ ያስፈራነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ከቤተሰቡና ከእድሩ ሰብሳቢ ከአቶ ቀጀላ ጋር በመስማማት የሚከተለውን እናስታውቃለን። በድንኳኑ በር የሐዘን መዝገብ አይቀመጥም። እድሩም በዚህ ለቅሶ ስም አይጠራም፤ የቀረ አይቀጣም፤ የመጣ አይመዘገብም። ፎቶግራፍ የሚያነሳ የለም። ወንበር አለ። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ እናታቸው ይበቃቸዋል።

ክበቡ ለወይዘሮ የሺሃረግ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና በልባቸው ለሚያለቅሱላቸው ሁሉ መጽናናትን ከእግዚአብሔር ይለምናል።

በበሩ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር የጻፈው የክበቡ ጸሐፊ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ይህንንም መግለጫ የጻፈው እሱ ነው። የሌሎች አባላት ስም እንዲቀር ተወስኗል፤ ከዚህ በታች ያለው ስም አንድ ብቻ ነው።

ኤልቃና በዳዳ
10ኛ ክፍል
ግንቦት 1 ቀን 2007 ዓ.ም.