የወተት ሊጥና የጾም ሊጥ

ሰኞ፣ መጋቢት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ሊጡ ኩፍ ብሏል። ምድጃው ገና ነው። ያመጡልን ባህር ዛፍ እርጥብ፣ ጭሱ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። አስካለ እስክትመጣ አንተ ላይ ልጻፍ፣ ደብተሬ።

ዛሬም ለፍል ውሃው ሆቴል ክቡን ዳቦ እንጋግራለን። ለስላሳ፣ አናቱ በእንቁላል የተቀባ። ያስተማረን የሆቴሉ ወጥ ቤት ጋሽ ተሰማ ነው፤ አስመራ ለአሜሪካኖች ሲያበስል የለመደው። የሃምበርገር ዳቦ ይለዋል። ታሪኩን ለስንተኛ ጊዜ ነገረኝ። ስሙ ከአንድ የጀርመን ከተማ ነው የመጣው አለ። ድሮ ተፈጭቶ የተጠበሰውን ሥጋ በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሃል ነበር የሚሰጡት፤ ዳቦው በጭማቂው እየራሰ እጅ ላይ ሲፈርስ ጊዜ ነው ክቡ የተፈለሰፈው። እውነት ይሁን ውሸት እሱ ያውቃል። እኛ ጋ ሥጋውን ማን አይቶት። አምቦ የወደደው ዳቦውን ብቻ ነው። ሻይ ውስጥ ይነከራል። ምስር ይሞላበታል፣ ድንች በቃሪያ። ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ይጠየቅበታል። ወደ እጃጂ የሚያልፉ ሾፌሮች ሳይቀሩ አቁመው ይገዛሉ።

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ሁለት ሊጥ ነው። የሆቴሉን እኔ አቦካለሁ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ። የከተማውን የጾም ዳቦ በዘይትና በውሃ አስካለ ታቦካለች። ሥራውን ያከፋፈለችው እሷ ናት። ጴንጤ ያቦካውን ጾመኛ አይገዛም፣ እኔ ልማልላቸው አለችኝ። ደግ አሰበች። አብረን አድገን አብረን ዳቦ ቤት የከፈትን ሰዎች ነን። ልጇ ሙሉ እኔን አዳዳ ነው የምትለኝ፤ በኦሮምኛ አክስቴ ማለቷ ነው። መጣች፣ በቃኝ።

ዓርብ፣ መጋ. 10

ከእንግዲህ አስካለን አስ. ብዬ ነው የምጽፋት፣ እጄ በሊጥ ዝሏል።

የአስ. የጾም ዳቦ ስም አወጣ። ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች ተሰልፈው ነው የሚገዙት። እጅሽ ይባረክ ይሏታል። እንዴት እንዲህ ይለሰልሳል ሲሏት ትስቃለች። ማርያምን ጾም ነው ትላለች። የመሪጌታው ቤት ሳይቀር ልኮ ያስገዛል። ሙሉ ከፋሲካ በኋላ የመሪጌታውን ልጅ ታገባለችና አስ. በደስታ መሬት አልበቃት ብሏል። እኔም ደስ ብሎኛል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ማታ ሞልቼ የከደንኩት የወተት ሊጥ ጠዋት ጎደሎ ነው። ብርዱ ነው ያሰመጠው አለችኝ። ይሆናል።

እሑድ፣ መጋ. 12፣ ቀትር

ብርድ አይደለም።

አስ. ቅዳሴ ሄዳለች። ራበኝና ከጾሙ ዳቦ አንዱን ገመስኩ። ውስጡ ቢጫ። የጾም ዳቦ ውስጡ ነጭ ነው፣ ይህን ልጅ ያውቃል። ሌላ ገመስኩ። ቢጫ። ሦስተኛውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ስትመጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠየቅኋት። በልጅነታችን ቋንቋ፣ ማሊፍ? አልኳት። ለምን? አለቀሰች። የዘይቱ ሊጥ እስከ ቀትር ድንጋይ ይሆንባታል። የመሪጌታው ሚስት አንድ ቀን ጥርሴን ልትሰብሪው ነው ብላ ቀልዳባት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከኔ ሊጥ እየቆረጠች ከራሷ ሊጥ ጋር ታሻለች። ሁሉም አመሰገኗት። መተው አቃታት።

ራስሽ ንገሪያቸው አልኳት። እግሬ ላይ ወደቀች። ሰርጉ ይለፍ አለች። ከዛሬ ጀምሮ ከተውሽ ዝም እላለሁ አልኩ። ሰው ፊት በማርያም የምትምለው እሷ፣ ሐሰቷን የምሸፍን እኔ። እኔ የማልጾመውን ጾም ልጠብቅላቸው ስል እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነው ዘይታቸውን የምነካ። እሷ እኮ ትጾማለች፣ ደብተሬ። የራሷን ዳቦ አትቀምስም። አሁን ገባኝ ለምን እንደማትቀምስ። 

ማክሰኞ፣ መጋ. 14

ዓይኔ እያየ አቦካች። ዘይት፣ ውሃ፣ ስኳር። ዳቦው ደረቀ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አስ. ከንፈሯን ነክሳ ዋለች፣ አላናገረችኝም። እኔ ግን እፎይ ብያለሁ። ማታ የከደንኩት ሊጥ ጠዋት ሞልቶ ጠበቀኝ።

ሐሙስ፣ መጋ. 16

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ዛሬ ዘግይቼ ገባሁ፣ ቀበሌ የዱቄት ተራ ስጠብቅ ነበር። ስደርስ በራችን ላይ ሴቶች ተኮልኩለዋል። እማሆይ የሺ መሃል ቆመዋል፣ ከቅዳሴ በኋላ በኛ ዳቦ ነው ጾማቸውን የሚፈቱት። እጃቸው ላይ የተገመሰ ዳቦ። ቢጫ። አስ. ደግማዋለች። ያ ሁሉ እንባ ለሦስት ቀን ነው።

ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት። እሷ እኔን አየች። ቀጥላ አፏን ከፈተች፦

«የወተቱ ሊጥ የለሊሴ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ምን እንደምታደርግ በምን አውቄ?»

ተናገሪ እንጂ አሉኝ። አስ. የዱቄቱን ጆንያ ታያለች። ሙሉ ጓዳ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እሷን ሳይ ምላሴ ታሰረ። ዝም ማለቴን እንደ ማመን ቆጠሩት። ድሮስ ጴንጤ አለች አንዷ። አስ. ሰማች፣ ቀና አላለችም።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋ. 17

ማንም አልገዛም። የሆቴሉን ብቻ ጋገርኩ። አስ. አልመጣችም። ጋሽ ተሰማ ወሬው ደርሶት ገርሞታል፤ ይህ ሁሉ ለዳቦ አለ። ለዳቦ አይደለም አልኩት። ጎረቤቴ ሰላምታ ነሳችኝ። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ሰበብ የሚፈልግብን ሞልቷል፣ ጾመኛ አረከሱ ብሎ ቀበሌ የሚሄድ አይጠፋም። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ደግሞ ንዴቱ ይብሳል። አስ. እኮ አብራኝ ዱቄት የተሸከመችው ሴትዮ ናት፤ እናቴ ስትሞት ፀጉሯን ነጭታ ያለቀሰችው።

ቅዳሜ፣ መጋ. 18፣ ከሰዓት

እማሆይ የሺ መጡ። ብቻቸውን። ወንበር ሰጠኋቸው። ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አልጠየቁኝም። እውነቱን ያውቁታል። አስ. ትናንት ለንስሐ አባቷ ልትናዘዝ ሄዳ ፈርታ እሳቸው ዘንድ አልቅሳ ነግራቸዋለች። ከሴቶቹም ሁለት ሦስቱ ያውቃሉ።

ታዲያ አልኳቸው።

«ታዲያማ ልጄ፣ የሷ ነው ከተባለ መሪጌታው ሰርጉን ያፈርሳሉ፣ ልጅቱ ትዋረዳለች። ያንቺ ከሆነ ግን ድሮም የኛ ሰው አይደለሽም፣ ሰው ቶሎ ይረሳዋል። ተሸከሚልን።»

ለስለስ አድርገው ነው ያሉት። ጉልበቴን እየዳበሱ። እስከ ደጅ ሸኘኋቸው፣ እግዜር ይስጥልኝም አልኩ መሰለኝ።

ሙሉን እወዳታለሁ። አዳዳ ብላ ስትጠራኝ አሁንም ይሰማኛል። ቀን ሙሉ አውጥቼ አውርጄ፣ ለሷ ስል ልሸከመው ብዬ ነበር። የኛ ሰው አይደለሽም ባይሉኝ ኖሮ እሸከመው ነበር።

ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ፣ አስ. ባለችበት፣ መሪጌታው ባሉበት። ከተወለድኩ ረግጬው የማላውቅ ደጅ ነው። ነጠላዬን አጥቤ አጥር ላይ አስጥቻለሁ፣ እስከ ጠዋት ይደርቃል።