የሰርጉ ወጥ

ሜልበርን፣ ዲሴምበር 2006

ውድ እትዬ ሀጂራ፣

ጋሼ ጀማልን ሽማግሌ አድርገው ልከውብናል። እሳቸውም "አንድ ቃል ተናገሪላትና ይለቅ" አሉኝ። መልሱ ለእርስዎ ስለሆነ በጽሑፍ ይድረስዎ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ልጅዎ ሙንታሲር ሊያገባኝ እንደሚፈልግ የነገረዎት እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴን እንደጀመርኩ ነበር። "ይኼ ማይክሮባዮሎጂ የምትዪው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ነገርኩዎት፤ ስለ ቫይረሶች፣ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል፣ ከሕመምተኛ ሽንትና አክታ ባክቴሪያን እንዴት ለይተን እንደምናወጣ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲሰሙኝ የወደዱኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጠቅምዎትን ቃል እየመረጡ ኖሯል።

ብዙም ሳይቆይ ኮሊንግዉድ ሰፈር ያሉ ሴቶች፣ ሳምቡሳ እየሠራች የምትሸጠው እናቴ ጋ ያዘዙትን ካንስል አደረጉ። "ልጅቷ አክታ ስትነካካ ውላ በዚያው እጇ ኪችን ትገባለች" ማለትዎን የሰማሁት ከሰው ነው። እናቴ ግን ከእኔ በፊት ሰምታ ደብቃኝ ነበር። አንድ ቀን ለአራስ ልጅ አቂቃ ድግስ የሳምቡሳ ትሪዋን ይዛ ሄዳ እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። ሻርፗን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና "እስቲ ቲቪውን ክፈቺልኝ" አለችኝ።

ሙንታሲርም ስልኬን ማንሳት ተወ። ሴፕቴምበር ላይ ኒስሪን የምትባል ልጅ አገባ።

ለሰርጉ እናቴ ልብሷን ለብሳ፣ ትሪዋን ይዛ ወጣች። "ምን ቸግሮሽ ነው የምትሄጂው?" ብላት፣ "የአንድ አገር ሰዎች ነን" አለችኝ። እኔ ለፈተና እያጠናሁ ቀረሁ።

በማግስቱ ግማሹ ሰርገኛ ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ። እርስዎም ደወሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

"የልጅሽ ጀርም ነው" አሉ። "ያንን ሳምቡሳ ማን አምጪ አለሽ?"

"ኧረ ሀጂራ፣ እኔም እኮ ከሱ በልቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም" አለች እናቴ።

ዘጉባት።

እትዬ ሀጂራ፣ በዚያው ሴሚስተር ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይኼው ነበር፤ ድግስ የበላ ሰው ሲታመም ምንጩ እንዴት እንደሚፈለግ። አስተማሪያችን "የታመመውን ብቻ አትጠይቁ፤ ያልታመመውንም ጠይቁ" ትለን ነበር። ለሰርገኞቹ አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዳንዶቹ ስሜን ሲሰሙ ዘጉብኝ። የቀሩት ግን ነገሩኝ። የታመሙት ሁሉ የእርስዎን የበግ ወጥ የበሉ ናቸው። ልጆቹ ወጡ እስኪቀርብ አልጠበቁም፤ ሳምቡሳውን በልተው ጠግበው ሲጫወቱ ነው ያመሹት። ከእነሱ አንድም የታመመ የለም።

ሲገባኝ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ሰው እያመመው ደስ አለኝ።

ለከተማው ካውንስል ጤና ክፍል ማን እንደደወለ ሲያጠያይቁ ከርመዋል አሉ። እኔ ነኝ። የጤና ክፍሉ ሰዎች ከቤትዎ የተረፈውን ወጥ ወስደው ሲመረምሩት የጠረጠርኩት ባክቴሪያ ተገኘ።

የኢድ ቀን አስኮት ቬል ሰፈር ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳሉ አጠገብዎ መጥቼ የተቀመጥኩት ለሰላምታ አልነበረም።

"ወጡን መቼ ነበር የሠሩት?" አልኩዎት።

"በዋዜማው። ምነው?"

"የት አደረ?"

"በድስቱ ነዋ፣ ጋራዥ ውስጥ። ያን የሚያህል ድስት ፍሪጅ ይገባል እንዴ?"

"በማግስቱስ አፍልተውት ነበር?"

"ሞቅ አደረግነው።"

ከዚያ ለሴቶቹ አስረዳሁ፤ እናቶቹ እንዲገባቸው በአማርኛ። ይኼ ባክቴሪያ ሥጋው ሲፈላ አንዳንዱ እንደ ዘር ደርቆ ይተርፋል። ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲበርድ ነቅቶ ሲራባ ያድራል። ሞቅ ማድረግ አይገድለውም።

"ታዲያ ከማን እጅ ነው የመጣው?" አለች አንዷ።

"ከእጅ አይደለም፤ ከአያያዝ ነው።"

"ከማን አያያዝ?"

ሁሉም ወደ እርስዎ ዞሩ። እርስዎ ደግሞ ሻርፕዎን ማስተካከል ጀመሩ። ያንን እያየሁ ቁጭ አልኩ፤ ቶሎ እንዲያልቅም አልፈለግሁም።

ከዚያ ወዲህ ለድግስ የሚጠራዎት ጠፍቷል። ጋሼ ጀማል "ማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው" ብዬ በሰው ፊት እንድናገርልዎ ለመኑኝ። እውነት ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል። በሕዝብ ፊት ግን አልናገረውም። እናቴ ይቅር ብላዎታለች፤ ዛሬም ስምዎን በክፉ አታነሳም። እኔ ግን ይቅር አላልኩም። መጀመሪያ፣ ስለ እኔ ያወሩላቸው ሴቶች ጋ ሁሉ በራስዎ ስልክ ይደውሉና የተናገሩት ውሸት እንደነበረ ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ጀማል ቢመጡ በሩን ራሴ እከፍትላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ባለፈው ሳምንት ምራትዎ ኒስሪን ደውላልኝ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሲሀም፣ አማቴ ወጥ ልካልናለች፤ ብበላው ችግር አለው?" አለችኝ።

በደንብ አፍልተሽ ብዪው ማለት እችል ነበር። ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፤ ፈተናም ላይ የጻፍኩት እሱን ነው።

"እኔ አንቺን ብሆን እደፋው ነበር" አልኳት።

ሲሀም